ከዋንጫው በፊት ሕጉ

(በወረታ በተካሄደው የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሔቱ በመጠኑ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ከጎንደር የመጣችሁም፣ ከባህር ዳር የመጣችሁም፣ ከደብረ ታቦር የወረዳችሁም መንገዳችሁ የሚገናኘው ወረታ ላይ ነውና ቦታው በደንብ ተመርጧል። ሐኪም ስለሆንኩ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ትነግረናለች ብላችሁ የጠበቃችሁ ካላችሁ፣ እሱን ሻይ ላይ እናወራለን። ዛሬ የምናገረው ስለ ኳስ ነው። በተለይ ደግሞ ውድድር ሲሰፋ ማጠቃለያው እንዴት ፍትሃዊ ሆኖ እንደሚዘጋጅ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ የፎገራ ሜዳ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ። እስካለፈው ዓመት የሚወዳደሩት 8 የቀበሌ ቡድኖች ነበሩ። እኔም በትርፍ ጊዜዬ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይዤ ሜዳ ዳር እቀመጣለሁ። ለሚመጣው ዓመት 12 ቡድኖች ጥያቄ አቅርበዋል፤ ማህበራችንም ዋንጫውን፣ ኳሱንና መረቡን ሊገዛ ተስማምቷል። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን ዋንጫው ከመገዛቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ዋንጫው ለማን ነው የሚሰጠው? «ላሸነፈ ነዋ» ትሉኝ ይሆናል። ማሸነፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ግን የውድድሩ አካሄድ ነው። ማንን ስንት ጊዜ ገጥመህ፣ መቼ ተሸንፈህ፣ ከተሸነፍክ በኋላ ምን ቀርቶልህ የሚለው ነው።

ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። እነዚህ ቀበሌዎች የግጦሽ መሬት ይጋራሉ፤ የመስኖ ውሃ ይጋራሉ፤ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ይጋባሉ። ሜዳ ላይ የተነሳ ቅሬታ ሜዳ ላይ አይቀርም። ባለፈው ዓመት ሁለት ወር ሙሉ ሲለማመድ የቆየ አንድ ቡድን በመጀመሪያው ቀን በመለያ ምት ወጥቶ ቀረ። ልጆቹ አልተሳደቡም፣ አልተጣሉም። ዝም ብለው ሄዱ። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ዝምታቸው ነው። የተሸነፈ ሰው ይመለሳል፤ ተበደልኩ ብሎ ያሰበ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል።

እስቲ ከሂሳቡ እንጀምር። 8 ለጥሎ ማለፍ የተመቸ ቁጥር ነው፤ 8፣ 4፣ 2፣ አበቃ። 12ን ስታጋምሱት ግን 6፣ ከዚያ 3 ይሆናል፤ ሶስት ላይ ሲደርስ ይሰበራል። መፍትሄው የተለመደው ነው፤ 4 ቡድኖች በዕጣ ያለ ጨዋታ ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋሉ። ይህን ታሪክ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን። በ1949 ዓ.ም. ሱዳን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተጋጣሚያችን ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች፣ አገራችን አንድ ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያለ ጨዋታ ማለፍ ለሚያልፈውም ሁልጊዜ ስጦታ አይሆንም ለማለት ነው። በ12 ቡድን ጥሎ ማለፍ ደግሞ ቢያንስ 4፣ ሲበዛም 8 ቡድኖች አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለአንድ ቀን ጨዋታ ሁለት ወር ልምምድ!

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ጠለቅ ብለን እንግባ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሶስት ጊዜ አዘጋጅታለች፤ ሶስቱም ጊዜ የውድድሩ አካሄድ የተለያየ ነበር። በ1954 ዓ.ም. 4 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን አነሳን። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፤ ማንም የሚከራከርበት ነገር የለም።

በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ 8 ቡድን ሰፋ። ሁለት ምድብ ተደረገ፤ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድን ያልፋል፤ ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ። የእኛ ቡድን ሶስቱንም የምድብ ጨዋታዎች አሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜ ግን በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸንፎ ከዋንጫው ወጣ። አሁን ልብ በሉ። ኮንጎ ኪንሻሳ በምድቧ በጋና ተሸንፋ ሁለተኛ ሆና ነው ያለፈችው። በፍጻሜው ያችኑ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች። እንግዲህ ቁጠሩ። ኮንጎ አንድ ጊዜ ተሸነፈች፣ ዋንጫ ወሰደች። እኛ ከዋንጫው እስክንወጣ ድረስ የተሸነፍነው አንድ ጊዜ ነው፣ ወጣን። ልዩነቱ ሽንፈቱ የመጣበት ቀን ነው። ኮንጎዎች ሕጉን አክብረው በሜዳ ላይ አሸንፈዋልና ዋንጫው ይገባቸዋል። እኔ የምጠይቀው ስለ ሕጉ ነው፦ ምድቡን በሙሉ ድል የጨረሰ ቡድን ከሁለተኛው በምን ተለየ? በምንም።

በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ከሁለቱ ምድብ ያለፉት 4 ቡድኖች፣ ማለትም ሞሮኮ፣ ጊኒ፣ ናይጄሪያና ግብፅ፣ እርስ በርስ በዙር ተጫወቱ፤ የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል አልነበረም። በመጨረሻው ቀን አዲስ አበባ ላይ ጊኒ ማሸነፍ ነበረባት፤ ለሞሮኮ አቻ ይበቃታል። 1 ለ 1 ተለያዩ፣ ሞሮኮም ዋንጫውን ወሰደች። ይህ አካሄድ የአንድ ቀን ዕድልን ይቀንሳል። ጣጣው ግን የመጨረሻው ቀን ላይ ነው፤ ለአንዱ ሁሉም ነገር የሚወሰንበት ጨዋታ ለሌላው ምንም የማይለውጥ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሶስት ዓመታት የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ፍትሃዊ ማጠቃለያ ማለት ለሁሉም እኩል ዕድል የሚሰጥ ማለት አይደለም፤ እስከዚያ ቀን የተሰራውን ሥራ የማይረሳ ማለት ነው።

ይህን እናንተ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ የሠራ ተማሪ የፈተና ዕለት ትኩሳት ይዞት ቢወድቅ ምን ታደርጋላችሁ? ተከታታይ ምዘና ያመጣችሁት፣ ድጋሚ ፈተና የፈቀዳችሁት ለዚህ አይደል? በእኛም ሙያ እንደዚያው ነው። እዚህ ፎገራ ላይ ወባን የማያውቅ ሐኪም የለም። የወባ ምልክት ያለበት ሰው የመጀመሪያው የደም ምርመራው ነጻ ነው ስላለ ብቻ «ወባ የለብህም፣ ሂድ» አንለውም። ጥርጣሬው ካለ ደግመን እናያለን። አንድ ናሙና ሊያሳስት ይችላል፤ አንድ የኳስ ጨዋታም አንድ ናሙና ነው። ኳስ ደግሞ ጎል የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ፣ አንድ የዳኛ ፊሽካ፣ አንድ የተንሸራተተ በረኛ ውጤቱን ይገለብጠዋል።

ታዲያ ለጠንካራው ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶ፣ ለደካማውም ተስፋ ትቶ፣ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ አካሄድ አለ ወይ? አለ። ይህን ለማየት ራቅ ብለን አውስትራሊያ እንሂድ። እዚያ በሞላላ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ፣ 18 ለ 18 ሆነው የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። ሊጋቸው እ.ኤ.አ. በ1897 በ8 ክለቦች የተጀመረ ሲሆን ዛሬ 18 ደርሷል፤ 19ኛው ከታዝማኒያ እንዲገባ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ሊጉ በሰፋ ቁጥር ማጠቃለያውን ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ብዙ አስበውበታል፤ ተሳስተውም አርመዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2025 የተጠቀሙበት አካሄድ ይህን ይመስል ነበር። በደረጃ ሰንጠረዡ እስከ 8ኛ የወጡት ይገቡ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 1ኛው ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ3ኛው ይጫወታሉ። ያሸነፉት አንድ ሳምንት አርፈው በቀጥታ ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ፤ የተሸነፉት አይወጡም፣ ሌላ ዕድል አላቸው። በሌላ ወገን 5ኛው ከ8ኛው፣ 6ኛው ከ7ኛው ይጫወቱ ነበር፤ እዚህ የተሸነፈ ይወጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከላይ የተሸነፉት ከታች ካሸነፉት ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከዚያ ፍጻሜ። ጨዋታውን ስትቆጥሩት 9 ነበር። ተራ ጥሎ ማለፍ ቢሆን 7 ይሆን ነበር። ለአራቱ ምርጥ ቡድኖች የሁለተኛ ዕድል ዋስትና የተከፈለው ዋጋ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው ማለት ነው።

ለታችኞቹ በሩ ተዘጋ እንዳትሉ። ሜልበርን የሚኖሩ ወገኖቻችን ፉትስክሬይን ያውቁታል፤ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። የዚያ ሰፈር ክለብ ዌስተርን ቡልዶግስ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ7ኛ ደረጃ ተነስቶ፣ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ ከ62 ዓመት በኋላ ዋንጫ አንስቷል። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። ከታች የመጣ ዋንጫ እንዲወስድ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት፤ መንገዱ ግን ከላይኛው መንገድ የረዘመ መሆን አለበት።

የተሳሳቱበትንም እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የተጠቀሙበት አካሄድ 1ኛውን ከ8ኛ፣ 2ኛውን ከ7ኛ እያለ አራት ጨዋታ ያደርግና፣ ከአራቱ ተሸናፊዎች በደረጃ ዝቅተኛ የሆኑት ሁለቱ ብቻ ይወጡ ነበር። ስለዚህ አንድ ቡድን ተሸንፎ ይቅር ወይም ይውጣ የሚወሰነው እሱ በሌለበት ሜዳ በሚደረግ ጨዋታ ነበር። ይህን ትተውታል። የቡድን ዕጣ በራሱ እግር መወሰን አለበት።

ለእኛም ይህ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። 12 ቡድንን በ3 ምድብ እንክፈልና ሦስቱ አንደኞችና «ምርጡ ሁለተኛ» ይለፉ የሚል ሃሳብ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የአፍሪካ ዋንጫ በ2011 ዓ.ም. ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ አራት ምርጥ ሦስተኞችን የሚያሳልፈው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ ፈጽሞ ያልተገናኙ ቡድኖችን በነጥብ ማወዳደሩ ነው። በቀላል ምድብ የተሰበሰበ 6 ነጥብ በከባድ ምድብ ከተሰበሰበ 6 ነጥብ ጋር እኩል አይደለም። ጨዋታቸውን ቀድመው የጨረሱትም ቁጭ ብለው የሰው ውጤት ይጠብቃሉ።

ስለዚህ የማቀርበው ሃሳብ ይህ ነው። 12ቱ ቡድኖች በሁለት ምድብ 6፣ 6 ይሁኑ። ባለፈው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ የደረሱት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈሉ፤ አዲስ የሚገቡት አራቱም እንዲሁ፤ የቀሩት አራቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዕጣው ይወስን። አንዱ ምድብ ቅዳሜ፣ ሌላው እሁድ ይጫወታል። በቀን 3 ጨዋታ፣ 5 ሳምንት፣ በጠቅላላው 30 ጨዋታ። እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 5 ጊዜ ይጫወታል፤ በ7 ቀን አንዴ። ሁሉም ከሁሉም ይግጠም ብንል 66 ጨዋታ ነው፤ ክረምቱ ይደርስብናል።

ለማጠቃለያው ከየምድቡ ሁለት ቡድን ይለፍ። የምድብ አንደኞቹ እርስ በርስ ይጫወቱ፤ ያሸነፈው በቀጥታ ለፍጻሜ። ሁለተኞቹ እርስ በርስ ይጫወቱ፤ የተሸነፈው ይውጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአንደኞቹ የተሸነፈው ከሁለተኞቹ ያሸነፈውን ይግጠም፤ ያሸነፈው ለፍጻሜ ይለፍ። አራት ጨዋታ፣ ሶስት ሳምንት። ይህም የእኔ ፈጠራ አይደለም። ማኪንታየር የተባለ የሜልበርን ጠበቃ ያወጣውና እዚያው ሊግ እ.ኤ.አ. በ1931 ሥራ ላይ ያዋለው ነው። ከተራው ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ የሚበልጠው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ቢሆን ኖሮ የ1960ው ቡድናችን የመጀመሪያው ሽንፈት ባላስወጣው ነበር። ከጥምቀት በኋላ ብንጀምር በ8 ሳምንት፣ መጋቢት ላይ እንጨርሳለን።

ሦስት ነገሮች ደግሞ አስቀድመው ይጻፉ። የመጀመሪያው፣ ነጥብ እኩል ሲሆን ምን ይደረጋል የሚለው ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ የፕሪሚየር ሊጉን በእኩል ነጥብ ጨርሰው ዋንጫው በግብ ልዩነት ወደ ጅማ ሄደ። ሕጉ አስቀድሞ ስለታወቀ አገር ተቀበለው። ለእኛ ግን መጀመሪያ እርስ በርስ የተጫወቱበት ውጤት ቢታይ እመርጣለሁ፤ አዲስ የገባን ደካማ ቡድን 9 ለ 0 ማዋረድ ለማንም ጥቅም እንዳይሆን።

ሁለተኛው፣ የምድቡ የመጨረሻ ዙር በአንድ ሰዓት ይደረግ። በ1974 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ የተጫወቱት የአልጄሪያ ውጤት ከታወቀ በኋላ ነበር። 1 ለ 0 ሁለቱንም የሚያሳልፍ ሆነና፣ ጎሉ ከገባ በኋላ ኳስ ሲቀባበሉ ዋሉ፤ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈችው አልጄሪያ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻዎቹ የምድብ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይደረጋሉ። ወረታ ላይ ደህና ሜዳ የለንም ብላችሁ እንዳታመልጡ፤ ለሁለት ቀን የትምህርት ቤት ሜዳዎችን መለመን ይቻላል። ሳሩ ባያምርም እምነት ያድናል።

ሦስተኛው፣ ውድድሩ ቢቋረጥስ? በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሊጉ ተሰርዞ ሻምፒዮን ሳይኖረው ቀርቷል። እኛ ዘንድ ርብና ጉማራ ሞልተው መንገድ የሚቆርጡት በክረምት ቢሆንም፣ ወረርሽኝም ለቅሶም ወቅት አይመርጡም። ስንት ጨዋታ ከተደረገ ውጤቱ ይጸናል፣ ያልመጣ ቡድን መቼ በፎርፌ ይሸነፋል፣ መቼ ተስተካካይ ጨዋታ ይሰጠዋል የሚለው አሁን፣ ማን እንደሚጎዳ ሳይታወቅ ይወሰን።

እንደ ሐኪም አንድ ቃል ልጨምር። እረፍትም የፍትህ አካል ነው። አንዱ ቡድን ትናንት ተጫውቶ ሌላው ሳምንት አርፎ ከተገናኙ ሜዳው እኩል አይደለም፤ በጨዋታና በጨዋታ መካከል ቢያንስ 72 ሰዓት ይኑር። ወደ ጣና ዳር ካሉት ቀበሌዎች የሚመጡት የከሰዓቱን ጨዋታ ያግኙ፤ በእግር መጥተው በጠዋት አይሰለፉ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ ልጅ ደግሞ ፍጻሜም ቢሆን በዚያ ቀን አይመለስም። ለእሱ የሚደረገው ቅያሪ ከቡድኑ ቅያሪ አይቆጠር፤ አሰልጣኙ በልጁ ጤናና በዋንጫው መካከል እንዳይጨነቅ።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ዋንጫ ማለት ያሸነፈ ይለፍ፣ የተሸነፈ ይውጣ ነው፤ ደስታውም እሱ ነው» የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ። እውነት አላቸው፣ ጥሎ ማለፍ ልብ ያንጠለጥላል። ይህ ልብ መንጠልጠል ከሃሳቡ አልወጣም፤ ከአራቱ የማጠቃለያ ጨዋታዎች ሦስቱ የሚያስወጡ ወይም ዋንጫ የሚያስወስዱ ናቸው። «ሁለተኛ ዕድል የሚገባው ለደካማው ነው» የሚሉም አሉ። ለደካማው የሚገባው እርዳታ ኳስና አሰልጣኝ ነው፤ እሱንም 5 ጨዋታ በመስጠት ጀምረናል። የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ የአንደኞቹን ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ፍጻሜውን ቢሸነፍ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ዋንጫ ያጣል። ልክ ነው። እንከን የሌለው አካሄድ የለም። ግን እሱ አንድ ጨዋታ ተቆጥቦለት፣ አርፎ፣ አስቀድሞ አውቆት ለገባበት ቀን ነው የተሸነፈው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ነው። ማህበራችን ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሕጉ በሁለት ገጽ፣ በቀላል አማርኛ ይጻፍ። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት 12ቱም አምበሎች ተሰብስበው ይነበብላቸው፤ ያልገባቸውን ይጠይቁ፤ ያልተስማሙበትን ይለውጡ፤ ከዚያ ይፈርሙ። ከሕግና ከሒሳብ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ መምህራን አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን ረቂቁን እንጨርሰዋለን። የዋንጫውን ዋጋ ያዋጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ለኮሚቴው «ዋንጫው የሚገዛው የተፈረመው ወረቀት ሲመጣ ነው» በሉት። ዋንጫ ከየትም ይገዛል። ተሸንፎም «ይገባኛል፣ ለከርሞ እመለሳለሁ» ብሎ የሚሄድ ልጅ ግን አይገዛም፤ እሱን የሚያፈራው ከጨዋታው በፊት የተጻፈ ሕግ ነው።